ከሙቀት ይጠበቅ

ታላላቅ ከተሞች የሚታወቁት በታላላቅ ኮሚቴዎቻቸው ነው። አሰብ ወደብ ነበራት፣ ጨው ነበራት፣ አውሮፕላን ማረፊያም ነበራት፤ እስከ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ድረስ ግን የሙቀት ኮሚቴ አልነበራትም። ሕዝቡ ይሞቀው የነበረው እንዲሁ በየግሉ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ያለ ሊቀ መንበር፣ ያለ ዕቅድና ያለ ቃለ ጉባኤ ላቡን ሲያፈስ እንዴት እንደኖረ ሲያስቡት ይደንቃል።

በዚያ ኋላቀር ዘመን የአሰብ ሰው ሙቀትን የሚያውቀው በቆዳው ብቻ ነበር። ሱቅ ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፣ ፀሐይ ጠንከር ስትል ይዘጋል። ልጆች ከጧቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተማሪ ቤት ገብተው በአራት ሰዓት ይወጣሉ። ቀትር ላይ መንገድ ላይ የሚታይ ፍጡር ቢኖር የግድግዳ ጥላ የሚለካ ፍየል ነው። ጭነት ለመጫን ከአዲስ አበባ የሚወርዱት ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው እንኳ መኪናቸው ሥር ሰሌን አንጥፈው ያንቀላፋሉ። ይህን ማንም አላጠናውም፣ ማንም አላጸደቀውም። ዝም ብሎ ይደረግ ነበር።

«ልማድ ነው» አሉ ጓድ ደስታው፣ የከተማው የሙቀት መከላከል አስተባባሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነው በተሾሙ በሦስተኛው ቀን። «ልማድ ደግሞ ጥናት አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ሙቀት አለ ከተባለ ይለካ።»

ጓድ ደስታው ከደጋ አገር የመጡ፣ ኮትና ከረባት የማይለያቸው ሰው ናቸው። ከመኪናቸው እስከ ቢሯቸው ስምንት እርምጃ ነው። ቢሯቸው ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ የተተከለ ኤር ኮንዲሽን ቀንም ሌሊትም ያጉረመርማል። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሙቀት ሲናገር አይቸኩልም፤ ከስሜት ነፃ ሆኖ ነው የሚያስበው።

መመሪያውም ግልጽ ነበር። የሙቀቱ ልክ ከአርባ ዲግሪ መብለጡ በመሣሪያ ሲረጋገጥ ትምህርት ቤቶች በአራት ሰዓት እንዲዘጉ ይፈቀዳል። እስኪረጋገጥ ድረስ ግን ልጆቹ እንደ ማንኛውም የሠለጠነ ከተማ ልጅ በሁለት ሰዓት ገብተው በሰባት ሰዓት ይወጣሉ። በአጭሩ፣ ሳይለካ መሞቅ ቀረ።

ማንጠግቦሽ ይህን ስትሰማ ልቧ ድንግጥ አለ። ማንጠግቦሽ ግን በምን የማትደነግጥ ሴት ናት? ነፋስ ሲነፍስ ቆርቆሮው ይነሣብኛል ብላ ትጨነቃለች፤ ነፋስ ሲያቆም ልጄ ትታፈንብኛለች ብላ ትጨነቃለች። አይፈረድባትም። ሁለት ልጆች ቀብራ ያተረፈቻት አንዲት ዘሪቱ ብቻ ናት፤ ስምንት ዓመቷ፣ ሁለተኛ ክፍል። ባሏ ጉግሳ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከወር ሃያ ቀን መንገድ ላይ ነው። ጭንቀቱን ሁሉ ለእሷ ትቶላት ይሄዳል።

የማንጠግቦሽ ደስታ አንድ ነበር፤ ማንበብ። በመሠረተ ትምህርት ከቀበሌው ሴቶች አንደኛ ወጥታ የምስክር ወረቀት ተቀብላለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ብሏት የኖረው ዓለም አሁን አፍ አወጣ። ጆንያው ይናገራል፣ የመኪናው በር ይናገራል፣ የዘይት ጣሳው ይናገራል። ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ያገኘችውን ሁሉ ጣቷን እያስኬደች ስለምታነብ የሁለት ደቂቃው መንገድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባት ጀመር።

«ሽንኩርቱ እስኪመጣ ዘይቱ አረረ» ትላታለች ጎረቤቷ ኸይራ፣ አብራት የምትማር፣ አፏ የማይታክት የአገሩ ሴት። «ዛሬ ደግሞ ምን ስታነቢ ነው የቆየሽው?»

«የሲሚንቶ ከረጢት።»

«ምን ይላል?»

«ሲሚንቶ ይላል።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ይሄን ሳናውቅ ልንሞት ነበር።»

ቴርሞሜትሩ በግንቦት መግቢያ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ። ኮሚቴው የአቀባበል ሥነ ሥርዓት አሰናዳለት። ሕዝቡ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ተሰልፎ ቆየ፤ አውሮፕላኑ ያረፈው በሰባት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዎች ራሳቸውን ስተው ወደቁ። በሪፖርቱ ላይ «ስሜታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው» ተብሎ ተመዘገበ።

ዕቃው በእንጨት ሣጥን የታሸገ፣ ከክንድ የማይበልጥ የመስታወት ዘንግ ነው። ጓድ ደስታው ሣጥኑን ከፍ አድርገው አሳዩና፣

«እዚህ ላይ የተጻፈውን እኔም ላነበው እችላለሁ» አሉ። «ነገር ግን ትናንት በጨለማ የነበረች፣ ዛሬ ብርሃን ያየች እናት ታነብልናለች። ጓዲት ማንጠግቦሽ፣ ወደፊት።»

ማንጠግቦሽ ወደፊት ወጣች። ዘሪቱ ከሰልፉ ውስጥ ሆና ታያታለች። ጣቷን ሣጥኑ ላይ ከታተመው ቀይ ጽሑፍ ላይ አሳረፈች፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ እሾህ እየነቀሰች አወጣችው።

«ከፀ...ሐይና ከሙ...ቀት ይጠበቅ። ከፀሐይና ከሙቀት ይጠበቅ።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ማንጠግቦሽ አለቀሰች። ጓድ ደስታውም ድምፃቸው ጎላ አለ።

«ሰምታችኋል። የተጻፈ ይከበራል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህች ከተማ፣ ከመሃይምነት ነፃ የወጣ ሕዝብ የሚጽፈውንና የሚያነበውን የሚሽር አይኖርም። ጓድ ውብሸት፣ እንደ ተጻፈው ይፈጸም።»

ጓድ ውብሸት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ዕድሜ ልኩን አንድ ችንካር ሳይጠፋበት የኖረ ጠንቃቃ ሰው። ሣጥኑን ታቅፎ ፀሐይም ሙቀትም የሌለበት ቦታ ፍለጋ ከተማውን ዞረ። በግንቦት፣ በአሰብ፣ እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ጓድ ደስታው ቢሮ ውስጥ፣ ልክ ከኤር ኮንዲሽኑ አፍ ሥር ተሰቀለ።

የቢሮው ዘበኛ ሽማግሌው ሑመድ ነገሩን ከበሩ ላይ ሆኖ ሲመለከት ቆየ። ከሰባ በላይ በጋ ያየ አፋር ነው።

«እንግዳው ሙቀቱን ሊያይ አይደለም እንዴ የመጣ?»

«አዎ፣ ጋሽ ሑመድ» አለች ሣጥኑን ተከትላ የመጣችው ማንጠግቦሽ።

«ታዲያ ለምን ሙቀቱን አላሳያችሁትም?»

«ተጽፏል» አለች ማንጠግቦሽ በኩራት። «እኔ ነኝ ያነበብኩት።»

በዚያው ቀን የሙቀት መዝጋቢ ሆና ተሾመች። ሥራው ቀላል ነው። በየቀኑ በስድስት ሰዓት ቢሮ ገብታ ቁጥሩን ታያለች፣ ትልቁ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፣ ጮክ ብላ ታነባለች።

የመጀመሪያው ቀን አስፋልቱ ጫማዋን እየያዘ፣ ነጠላዋ እንደ ብረት ምጣድ ግሎ ደረሰች። ዓይኗ ብዥ ብሎባታል። በሩን ስትከፍት ብርድ ፊቷን መታት፣ አነጠሰች።

«ስንት ነው?» አሉ ጓድ ደስታው ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

ሁለት ጊዜ አየች። ሦስት ጊዜ አየች።

«ሃያ አራት ነው የሚለው ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ጻፊ።»

«ውጭ ግን...»

«ውጭ መሣሪያ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ስለ ውጭ የምናውቀው ነገር የለም።»

ማንጠግቦሽ ሐሰት መጻፍ አትችልም። የምታየው ሃያ አራት ነው፤ ሃያ አራት ብላ ጻፈች። በሳምንቱ መጨረሻ ሃያ ሦስት ሆነ። ጓድ ደስታው ተነሥተው ቆሙ።

«በአምስት ቀን አንድ ዲግሪ» አሉ። «ኮሚቴው ገና ሥራ ሳይጀምር ማለት ነው። ስንጀምርማ አስቡት።»

ጀመሩ። ስድስት ሜትር የሚረዝም ላሜራ ላይ «ሙቀትን በተደራጀ ክንድ እንመክታለን» የሚል መፈክር ተጽፎ፣ ከመንገዱ ጎልቶ የሚታይ ቦታ ተፈለገለት። የተገኘው የትምህርት ቤቱ በባሕር በኩል ያለው ግድግዳ ነው። ትምህርት ቤቱ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ ያለው በረከት ከባሕሩ ነፋስ የሚቀበሉት ሦስት መስኮቶች ብቻ ነበሩ። ላሜራው ሦስቱንም ሸፈናቸው። ቀን ልጆቹን፣ ከሰዓት በኋላ እናቶቹን የሚያስተምሩት መምህር ዓብዱልቃድር ወደ ቢሮ ሄደው፣ እባካችሁ ነፋሱ ተዘጋብን አሉ።

«ነፋስ ከመፈክር ይበልጣል ወይ?» ሲሉ ጠየቋቸው ጓድ ደስታው።

መምህሩ ቤተሰብ አላቸው። አይበልጥም አሉ።

ቀጥሎም ከመኪና ሥር መተኛት ተከለከለ። ለእንግዳ «አሰብ ትሞቃለች» የሚል የተሳሳተ አስተያየት ያሳድራል ተባለ። ጉግሳ ከመንገድ መጥቶ ይህን ሲሰማ ሚስቱን ትክ ብሎ አያት።

«ሃያ ሦስት ዲግሪ ነው አሉ። አንቺ ነሽ አሉ የጻፍሽው።»

«እኔ ነኝ።»

«ማንጠግቦሽ፣ የመኪናው መሪ ላይ እጄ ተላጠ።»

«ምን ላድርግ፣ የሚለው ሃያ ሦስት ነው።»

«የደሴ ብርድ ነዋ። በይ ጋቢ አውጪልኝ» አለና ውኃ ራሱ ላይ አፍስሶ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ዘሪቱ መጀመሪያ የነሰራት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ማንጠግቦሽ ደሙን እያጠበች ራሷን አጽናናች፤ ልጅ ይነስራል። በማግስቱ ደገማት። በሦስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ መምህር ዓብዱልቃድር ልጅቷን በክንዳቸው ታቅፈው ማንጠግቦሽ ቤት መጡ። የመደመር ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ስትሠራ፣ ሰባት ብላ ስምንትን ሳትጨምር ወድቃ ነው። ከንፈሯ ደርቋል፣ ቆዳዋ ይፋጃል፣ ላብ የሚባል የላትም። ኸይራ ሮጣ ገብታ ሰሌን ውኃ አጠጣችና በሩ ላይ ሰቀለችው፣ ነፋሱ በእሱ ውስጥ እንዲያልፍ። እርጥብ ሻሽ አንገቷና ብብቷ ላይ አደረገችላት፣ ውኃ በጨውና በስኳር በማንኪያ አጠጣቻት። ይህን ከእናቷ ነው ያየችው፤ አልተጠናም። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች።

«እማዬ፣ ስምንት ነበር የሚጨመረው» አለች።

ማንጠግቦሽ ያን ቀን ዘግይታ ደርሳ መዝገቡ ላይ የጻፈችው ሃያ ሦስት ነው። ሦስቱ ግን ጠማማ ሆነ። ጽፋ እንደጨረሰች በቀጥታ ወደ ንብረት ክፍል ሄደች።

«ጓድ ውብሸት፣ ቴርሞሜትሩን ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ተማሪ ቤቱ ውስጥ እንስቀለው።»

«እዚያ ሙቀት አለ?»

«እሱን ለማወቅ ነው የምንሰቅለው።»

«ሙቀት ካለ ዕቃው ከሙቀት ይጠበቅ ስለሚል አይቻልም። ከሌለ ደግሞ መስቀሉ ምን ይጠቅማል?»

ማንጠግቦሽ ይህን ይዛ ወጣች፤ ከሁለቱም በኩል ብታገላብጠው መውጫ አጣችለት። በማግስቱ የመጣችው ባዶውን ሣጥን ይዛ ነው። ጋሽ ሑመድ ምሳ ዕቃውን ያስቀምጥበት ነበር፤ እንዲያውሳት ለምናው ነው።

«ጓድ ውብሸት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ቀን አንዱን ጎን ብቻ ነው ያነበብኩት። ይኸው ይዩት፣ በዚህኛው ጎን ሻማ ይላል። ሣጥኑ የሻማ ሣጥን ነው። ከሙቀት ይጠበቅ የተባለው ሻማው ነው እንጂ ቴርሞሜትሩ አይደለም።»

ውብሸት መነጽሩን አድርጎ አነበበ። እውነትም ሻማ ይላል። ሣጥኑን አገላበጠው።

«ሻማ ከሆነማ ይብሳል» አለ። «ይቀልጣል።»

«ቴርሞሜትሩ እኮ ሻማ አይደለም።»

«በዓይን ስናየው አይደለም። በጽሑፍ ግን ሻማ ነው። ሊቀ መንበሩ ደግሞ የተጻፈ አይሻርም ብለዋል፤ ጭብጨባ ላይ አንቺም ነበርሽ።»

ማንጠግቦሽ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ድምፅዋ አነሰ።

«ታዲያ ልጄን ማን ይጠብቃት? አንድ መስታወት ከሙቀት ይጠበቅ ተብሎ ብርድ ውስጥ ይኖራል፣ የኔ ልጅ...»

ውብሸት ክፉ ሰው አይደለም። እሱም አራት ልጆች አሉት። መነጽሩን አወለቀና በቅንነት አስረዳት።

«እይ ማንጠግቦሽ፣ በላዩ ላይ ከሙቀት ይጠበቅ ተብሎ የተጻፈበት ማናቸውም ነገር እጄ ቢገባ፣ ተቀብዬ ቀዝቃዛ ቦታ ባላስቀምጥ ከሥራዬ ልባረር። ደንቡ ነው። ያልተጻፈበትን ግን በየትኛው ደንብ ልጠብቀው? ልጅሽ ላይ ተጽፎባታል?»

ሌላ ሴት ብትሆን ተሳለቀብኝ ብላ ታለቅስ ነበር። ማንጠግቦሽ ሽሙጥ አታውቅም። መመሪያ የተሰጣት መሰላት።

«አልተጻፈባትም» አለች፤ አመስግናው ወጣች።

በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመሠረተ ትምህርቱ ተማሪዎች፣ አሥራ አንድ እናቶች፣ እንደ ልማዳቸው ተማሪ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቆርቆሮው ገና የቀኑን ሙቀት ይተነፍሳል። መምህር ዓብዱልቃድር የቃል ጽሕፈት ሊያዙ ሲሉ ማንጠግቦሽ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ዛሬ ዓረፍተ ነገሩን እኔ ላምጣ?»

«አምጪ።»

«ከፀሐይና ከሙቀት ይጠበቅ።»

መምህሩ ጠመኔ አነሡ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፉት፤ ሴቶቹም ዐሥር ዐሥር ጊዜ ገለበጡት።

«ምን ላይ ልንጽፈው ነው?» አለች ኸይራ።

ማንጠግቦሽ ነገረቻቸው። መጀመሪያ የሳቀችው ኸይራ ናት፤ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ፣ ምክንያቱም ማንጠግቦሽ አልሳቀችም።

«ወላሂ» አለች ኸይራ ብዕሯን እያነሣች፣ «ለባሌም አንድ እጽፍለታለሁ። ወደቡ ላይ ሲሸከም የሚውል ነው፤ ማን ያውቃል፣ እሱንም ያስገቡት ይሆናል።»

መምህር ዓብዱልቃድር ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አንድ ሙሉ ካርቶን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ረሱ። ጠመኔ ረስተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ግንቦት አሥራ ሰባት ቀን ከጧቱ ሁለት ሰዓት፣ አሥራ አንድ እናቶች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው የሚገባውን ልጅ ሁሉ ጀርባውን አስዞሩት። በሰማያዊው የደንብ ልብስ ላይ ነጩ ጽሑፍ እንደ ማኅተም ጎልቶ ወጣ። ማንጠግቦሽ ዘሪቱን ስትጽፍባት በጣም ስለተጠነቀቀች አንድ ልጅ ላይ የሁሉን ያህል ጊዜ ፈጀች።

«እማዬ፣ ይኮረኩረኛል።»

«ዝም በይ፣ ፊደሉ ይጣመማል። የተጣመመ እንደሆነ አይቀበሉሽም።»

አራት ሰዓት ሲሆን መምህሩ «ዛሬ የመስክ ትምህርት ነው» አሉና አርባ ሦስት ልጆች በሰልፍ ወጡ። ቢሮው በር ላይ ሑመድ ብድግ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ንብረት ነው፣ ጋሽ ሑመድ» አለች ማንጠግቦሽ።

ሽማግሌው አንዱን ልጅ ትከሻውን ይዞ አዞረው፣ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አየው። አማርኛ ማንበብ አይችልም።

«ምን ይላል?»

«ከፀሐይና ከሙቀት ይጠበቅ።»

«ማሻአላህ» አለ፤ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «ይሄ ለኔም ሊጻፍልኝ የሚገባ ነበር። ዘገየ።»

ጓድ ውብሸት ልጆቹን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ጀርባቸውን አንድ በአንድ አነበበ። አርባ ሦስት ጊዜ ያው ነው። ማንጠግቦሽ ፊቱ ቆማ፣ ትናንት የነገራትን በልቧ የያዘች ተማሪ ሆና ትጠብቃለች። ውብሸት ሰው ነው፤ ላብ ጀመረው። ደንብ ግን ደንብ ነው፤ ከመሳቢያው ሞዴል አሥራ ዘጠኝ አወጣ፣ ንብረት ሲገባ የሚቆረጠውን ደረሰኝ።

«የዕቃው ዓይነት፣ ሕፃን። ብዛት፣ አርባ ሦስት። ሁኔታ...» ቀና አለ። «አዲስ ናቸው ያገለገሉ?»

«የኔ ትንሽ አገልግሏል» አለች ኸይራ። «ከጀልባ ላይ ሲዘል ጥርሱን ሰብሯል።»

«መጠነኛ ስብራት ያለበት፣ አንድ» ብሎ ጻፈ ውብሸት። ፈረመ፣ ቅጂውን ቀደደና ለማንጠግቦሽ ሰጣት። «የሚቀመጡበት ቦታ፣ የሊቀ መንበሩ ቢሮ።»

ጓድ ደስታው «የሙቀት ቅነሳ ዘመቻ የሩብ ዓመት ውጤት» የሚለውን ሪፖርት እያጠናቀቁ ነበር። በሩ ተከፈተና ልጆች ይገቡ ጀመር። ገቡ፣ ገቡ፣ ገቡ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የተጻፈበት ንብረት ነው ጓድ ሊቀ መንበር» አለ ውብሸት ቀጥ ብሎ ቆሞ። «ከእርስዎ ቢሮ ሌላ ቀዝቃዛ ቦታ ስለሌለን ነው።»

«ማነው የጻፈበት?»

«እኛ» አሉ አሥራ አንዱ እናቶች ከኋላ።

ጓድ ደስታው አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ልምድ ያላቸው መሪ ስለሆኑ መልሰው ዘጉት። ሐምሌ ላይ የመሠረተ ትምህርት ግምገማ አለ። ከመሃይምነት ነፃ የወጣች እናት በእጇ የጻፈችውን በሊቀ መንበር እጅ ደመሰሱት ቢባል ነገሩ የት ይደርሳል? አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የተናገሩትን ሕዝቡ ሁሉ ሰምቶታል።

«የሚያስመሰግን ተነሣሽነት ነው» አሉ በቀስታ። «ዕቃው... ልጆቹ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ምንጣፉ ላይ፣ ጠረጴዛው ሥር፣ የፋይል መደርደሪያው ላይ። ብርዱ አፋቸውን ያዘው። ዘሪቱ ጫማዋን አውልቃ በሆዷ ተኛችና ጉንጯን የወለሉ ሸክላ ላይ አሳረፈች። ማንጠግቦሽ አጎንብሳ ትንፋሿን ቆጠረች። ቀስ ያለ፣ የተስተካከለ ትንፋሽ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ሙሉ ትንፋሽ እሷም ተነፈሰች።

ነገር ግን አርባ ሦስት ልጆችና አሥራ አንድ እናቶች ከነፀሐያቸው ነው የገቡት። በሩም ሲከፈትና ሲዘጋ ቆይቷል። ኤር ኮንዲሽኑ ድምፁን ለወጠ። አጉረመረመ፣ ሳለ፣ እንደ ደከመ ሽማግሌ አንድ ጊዜ አቃሰተና ጭጭ አለ።

ቢሮው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥታን ሰማ። ጓድ ደስታው ከረባታቸውን ላላ አደረጉ።

«ጓዲት ማንጠግቦሽ፣ ስንት ይላል?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

ኮታቸውን አወለቁ። የከተማው ሰው ከኮታቸው ውጭ አይቷቸው አያውቅም፤ ትንሽ ሰው ነበሩ።

«አሁንስ?»

«ሠላሳ አራት።»

«በሩን ክፈቱት።»

«ፀሐይ ይገባል ጓድ ሊቀ መንበር» አለ ውብሸት። «ከፀሐይ ይጠበቅ ይላል። ፈርሜ ተረክቤያለሁ።»

«መስኮቱንስ?»

«መስኮቱ ላይ የተተከለው ኤር ኮንዲሽኑ ነው።»

ማንጠግቦሽ ዘሪቱን ወደ በሩ ስንጥቅ ወስዳ ነጠላዋን በውኃ ነክራ አለበሰቻት፤ ኸይራም ለሌሎቹ ውኃ ማዳረስ ያዘች። ለልጆቹ አዲስ ነገር የለም፤ ይህ የለመዱት ክፍላቸው ነው። እንዲያውም ትምህርት ቤት ያሉ መስሏቸው ፊደል መቁጠር ጀመሩ። ሀ ሁ ሂ ሃ እያሉ ቢሮውን ሲያነቃንቁት ጓድ ደስታው ጫማቸውን አወለቁ፣ ከዚያ ካልሲያቸውን፤ ከዚያም የሩብ ዓመቱን ሪፖርት አንሥተው ያራግቡበት ጀመር። ሪፖርቱ ከተጻፈ ወዲህ ሙቀት የቀነሰበት ጊዜ ያ ብቻ ነው።

«አሁንስ?» ድምፃቸው ከሩቅ ይመጣል። «አሁንስ ስንት ነው?»

ማንጠግቦሽ ነጠላውን ትታ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። አልቸኮለችም፤ አንድ ጊዜ ቸኩላ አንድ ጎን ብቻ አንብባ የመጣባትን አይታለች።

«አርባ አንድ» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የሚለውን ነው የማነበው ጓድ ሊቀ መንበር።»

«እኔ እኮ...» አሉ ጓድ ደስታው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጨምቀው፤ ቃላቸው እየተቆራረጠ መጣ። «እኔ እኮ ይህን ያህል... ይህ እኮ ለሰው አይሆንም።»

«አይሆንም» አለ ሑመድ ከበሩ ውጭ።

«ጻፊው» አሉ። «ጻፊና አምጪ፣ ልፈርም። በአራት ሰዓት ይዘጋ። ሁሉም ነገር በአራት ሰዓት ይዘጋ።»

ጻፈች። አራቱ ቀጥ ያለ ነበር፤ አንዱም እንደ ምሰሶ። ጓድ ደስታው ፈረሙበት፣ ከፊርማቸው ላይ አንድ ጠብታ ላብ ወደቀ፤ ማኅተም ሆኖ ደረቀ። ውብሸት ሞዴሉን አምጥቶ አርባ ሦስቱንም ልጆች በቁጥር መልሶ ለእናቶቻቸው አስረከበ፤ ጉድለት አልተገኘም።

ኤር ኮንዲሽኑ በማግስቱ ተጠገነ። ቴርሞሜትሩም ወደ ሃያ ሦስቱ ተመለሰ፣ ሻማነቱ እንደተጠበቀ። ነገር ግን የተጻፈ አይሻርም፤ ዘሪቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተማሪ ቤት ገብታ በአራት ሰዓት ቤቷ ናት፣ እርጥቡ ሰሌን በሩ ላይ ተሰቅሎ። ከዚያ ወዲህ አልነሰራትም። ሰባትና ስምንት አሥራ አምስት መሆኑንም ደርሳበታለች።

ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ፊት የኮሚቴው ዓመታዊ ሪፖርት ቀረበ። በጧት ነው፣ ነፋስ ባለበት፣ ጓድ ደስታውም ኮታቸውን ለብሰዋል። ኮሚቴው ስላስመዘገበው ድል ሜዳልያ እንዲሰጠው ሐሳብ ቀርቧል። እንደ ተለመደውም ሪፖርቱን የምታነበው ከመሃይምነት ነፃ የወጣች እናት ናት። ማንጠግቦሽ ወረቀቱን በሁለቱም በኩል ገልብጣ ካየች በኋላ ጣቷን እያስኬደች፣ አንድ ፊደል ሳትስት አነበበች።

«ኮሚቴው ባደረገው ሰፊ ጥናት የአሰብ ሙቀት የጀመረው ግንቦት አሥራ ሰባት ቀን ከጧቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በሊቀ መንበሩ ቢሮ ውስጥ መሆኑ ተረጋግጧል። ከዚያ በፊት በከተማው ውስጥ ሙቀት እንደነበረ የሚያስረዳ የጽሑፍ ማስረጃ አልተገኘም።»